ላፕቶፔ ኤክስተርናሉን አያነብም፤ የጥምቀትና የሠርግ ቪዲዮ ውስጡ ነው

የሠርግ ካሜራ

ሰላም ለሁላችሁም። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የፎቶና የቪዲዮ ሥራ ነው የምሠራው። 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ፤ ትንሹ፣ ኪስ የሚገባው ዓይነት። ከትናንት ጀምሮ ላፕቶፔ አያነበውም። ስሰካው የዲስኩ መብራት ይበራል። ላፕቶፑ ዕቃ ሲሰካበት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ ወዲያው ደግሞ ሲነቀል የሚያሰማውን። እንደገና ተሰካ ይላል፣ እንደገና ተነቀለ። ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ግን የለም። አልፎ አልፎ ብቅ ይልና ልክፈተው ስል «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ» የሚል መልእክት ያመጣል። ዊንዶውስ 10 ነው።

ውስጡ የከተራና የጥምቀት ቪዲዮ አለ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ። ከዚያ ደግሞ የጥር ሠርጎች፤ ገና ቪዲዮአቸውን ያልተረከቡ ሙሽሮች አሉ። የካሜራ ካርዶቹ ላይ ሌላ ሥራ ስለተቀረጸ ከዚያ አላገኘውም። አንድ ሱቅ ወስጄ ሳሳያቸው «ፎርማት ይደረግና ይሠራል» አሉኝ። እኔ የምፈልገው ዕቃውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ማራኪ ተማሪ

ኬብሉን ቀይሪው እህቴ። የእኔም እንደዚሁ ሲነቀል ሲሰካ ነበር፣ ኬብል ነው የሆነው።

ብየዳና ሽቦ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪው። ያ መልእክት ሲመጣ «ተወው» በይና ዝጊው። ዊንዶውስ ያን የሚጠይቀው ዲስኩ ባዶ ስለሆነ አይደለም። የፋይሎቹን አያያዝ ማንበብ ስላቃተው ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ። መብራቱ በርቶ፣ ላፕቶፑ ተሰካ ተነቀለ እያለ የሚመላለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ኃይል ነው ወይም ኬብል። እንዲህ ነው የሚሆነው። ትንሹ ዲስክ የራሱ ቻርጀር የለውም፤ 5 ቮልቱን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ብቻ ነው። የድሮው ዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ዲስኩ ውስጥ ያለው ሞተር ሲነሣ ግን ለአፍታ ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ኬብሉ ረጅም ወይም ቀጭን ከሆነ፣ መሰኪያው ከላላ፣ ወይም በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ከሰካሽው ቮልቱ ይወርዳል። ሞተሩ ሊነሣ ይልና ይቆማል። ላፕቶፑ ተነቀለ ይላል። ኃይል ሲመለስ እንደገና ይሞክራል። የምትሰሚው እሱን ነው።

እነዚህን ንገሪኝ፤

አንደኛ፣ የሰካሽው የትኛው ቀዳዳ ላይ ነው? ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ ያለው ነው ወይስ ጥቁር? ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ማከፋፈያ ካለ አውጪው፤ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ።

ሁለተኛ፣ ዲስኩን ጆሮሽ ላይ አስጠግተሽ ስሚው። ለስለስ ያለ የመዞር ድምፅ ነው? ወይስ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ እኩል በእኩል የሚደጋግም ድምፅ አለው? ሁለተኛው ከሆነ ወዲያው ንቀይውና ምንም ሳትሞክሪ ንገሪኝ። የማንበቢያው ጭንቅላት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ ተጨማሪ ጉዳት ነው።

ቀበሌ 18

ጓደኛዬ የሞተ ሃርድ ዲስክ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ አስነሥቶታል። ሞክሪው።

ብየዳና ሽቦ

ወንድምዓለም፣ ይቅርብን። ያ ዘዴ በድሮ ዲስኮች ዘመን የሚወራ ነበር። ከቅዝቃዜ የወጣ ዕቃ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ያ ውሃ የዲስኩ ገጽ ላይ ካረፈ ጭንቅላቱ ሲያልፍ ያበላሸዋል። ክዳኑን ከፍቶ ማየትም እንዲሁ ነው። ጭንቅላቱ ከዲስኩ ገጽ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለሱ ተራራ ናት። በበጋ የጎንደር አቧራ ደግሞ ይታወቃል። ማንም «ልክፈተውና ልየው» ቢልሽ አትስጪው።

የሠርግ ካሜራ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ቀጭ ቀጭ የለውም። ይዞራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል። ማከፋፈያ አልተጠቀምኩም። የተሰካው ግን ጥቁሩ ላይ ነው፤ ሰማያዊው በግራ በኩል ነው ያለው። እዚያም ሞከርኩት፤ ትንሽ ይቆይና ይነቀላል። ኬብሉ ጫፉ ሰፊ የሆነው፣ ሁለት የተጣበቁ የሚመስለው ነው። እሱን ነቅነቅ ሳደርገው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ብየዳና ሽቦ

መልካም ዜና ነው። ነቅነቅ ሲል መብራቱ የሚቀየር ከሆነ ኬብሉ ወይም የዲስኩ መሰኪያ ነው።

ያ ሰፊ ጫፍ ያለው ኬብል በየሱቁ አይገኝም፤ የስልክ ኬብል ብቻ ነው የሚሞላው። እስክታገኚው ድረስ የምትሞክሪው አንድ ነገር አለ። የዲስኩን መሰኪያ በደንብ እይው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሰፋ ያለ፣ ሌላው ጠበብ ያለ። የድሮው የሳምሰንግ ስልክ ቻርጀር ኬብል፣ አሁን ያለው ክብ ዓይነት ሳይሆን ከበፊቱ ያለው፣ ሰፋ ያለው ክፍል ላይ ልክ ይገባል። ፍጥነቱ ወደ ዩኤስቢ 2 ይወርዳል እንጂ ያነባል። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ኬብሉ አጭርና ወፈር ያለ ይሁን። ደግሞ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አለ፤ ዳታ የሚያልፍበት ሽቦ የለውም። በዚያ ብትሞክሪው መብራቱ ይበራል እንጂ ላፕቶፑ ምንም አያይም። ስልክ ሰክተሽ ፎቶ ወደ ላፕቶፕ ካሳለፈ ለዚህም ይሆናል።

ይህ ለሙከራ ነው። ቋሚ መፍትሔው ትክክለኛውን ኬብል መግዛት ነው።

አዘዞ ላይ

የእኔ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ሲሆን ያነባል፣ ባትሪ ላይ ሲሆን ይነቅላል። እኔም ኬብል ልቀይር?

ማራኪ ተማሪ

ያንተስ ሌላ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢውን ያስተኛዋል። የኃይል አጠቃቀም ቅንብር ውስጥ ገብተህ ዩኤስቢን እየመረጡ ማስተኛት የሚለውን አጥፋው። ካልሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሃብ የሚሉትን ክፈትና «ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ ማጥፋት ይችላል» የሚለውን ምልክት አንሣ።

አዘዞ ላይ

ሠራ! ተባረክ።

የሠርግ ካሜራ

የእናቴ የድሮ ስልክ ኬብል ገባ! አሁን አይነቀልም። ድምፁም የተረጋጋ ነው። ግን ስከፍተው አሁንም ፎርማት ይደረግ ይላል። ዝጊው ስላላችሁኝ ዘጋሁት። አሁን ምን ላድርግ?

ቀበሌ 18

ዲስክ ማኔጅመንት ግቢ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አንድ ላይ ስትጫኚ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ አለ። እዚያ «ኢኒሻላይዝ» ካለሽ እሺ በይው፣ ይመጣልሻል።

ብየዳና ሽቦ

ኧረ በፍጹም! ኢኒሻላይዝ ማለት ዲስኩ ላይ አዲስ የክፍፍል ሠንጠረዥ መጻፍ ማለት ነው። ለአዲስ ዲስክ ነው የሚሆነው። ማየቱን እዪ፣ ምንም አትጫኚ። ዲስኩ በስንት ጊጋባይት እንደሚታይና ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ብቻ ንገሪን።

የሠርግ ካሜራ

931 ጊጋባይት ይላል። 1 ቴራ አልነበር እንዴ? ከሥሩ ደግሞ ጤነኛ ይልና «ራው» የሚል አለው።

ብየዳና ሽቦ

931 ትክክል ነው፤ ምንም አልጎደለም። ፋብሪካው ሲቆጥር በ1,000 እያባዛ ነው፤ ዊንዶውስ በ1,024። 1 ትሪሊዮን ባይት በዊንዶውስ አቆጣጠር 931 ጊጋ ይሆናል። መጠኑ ልክ መታየቱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ዲስኩ ራሱን በትክክል እያስተዋወቀ ነው።

ራው ማለት ዊንዶውስ የፋይል ሥርዓቱን አላወቀውም ማለት ነው። ቀበሌ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይሎቹ መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ማውጫው ደብተር ቢቀደድ እንደማለት ነው። ኬብሉ በመጻፍ ላይ ሳለ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ይህ ይመጣል። መብራት ሲጠፋም ይመጣል።

አዘዞ ላይ

የጓደኛዬ ራው ሲል በቸክዲስክ፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መጠገኛ፣ አድርጎ ተስተካክሎለታል።

የላብ ሰው

ልግባበት። የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይህን ነገር ብዙ አይቻለሁ። ቸክዲስክ ክፍሉ ራው ሆኖ ሳለ «ለራው ዲስክ አይሠራም» ብሎ ነው የሚመልስ። የጓደኛህ ሌላ ችግር ሳይሆን አይቀርም። ቢሠራም ለእሷ አልመክረውም። ቸክዲስክ የሚጠግነው እዚያው ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነው። የሚጨነቀው ለፋይል ሥርዓቱ እንጂ ለአንቺ ቪዲዮ አይደለም። ቀርጾ ያስቀመጥሽው ፋይል ወደ ቁርጥራጭ ተለውጦ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መጀመሪያ የዲስኩ አካል ጤነኛ መሆኑን እንይ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ትንሽ ናት፣ ዳታ አትበላም። ክፈቻትና ኤክስተርናሉን ምረጪ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ ነው ወይስ ቀይ? ከዚያ ሦስት መስመር ፈልጊ። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን። 05 ዲስኩ የተበላሸ ቦታ በመጠባበቂያ የተካበት ብዛት ነው። ሲ5 ለማንበብ አስቸግሮት ውሳኔ የሚጠብቅ ቦታ ነው። ሲ6 ጨርሶ ሊነበብ ያልቻለ። መጨረሻው ዓምድ ላይ ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ደስ ይበለን።

የሠርግ ካሜራ

ቢጫ ነው። 05 ዜሮ ነው። ሲ5 ግን ዜሮ አይደለም፣ መጨረሻው ላይ 38 ይላል። ልቤ ወረደ።

የላብ ሰው

አይዞሽ። ያ ፕሮግራም ቁጥሩን የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት ነው፤ 38 ማለት በእኛ አቆጣጠር 56 ነው። ከ1 ቴራባይት ውስጥ 56 ሴክተር፣ ማለትም 56 ትንንሽ የመጻፊያ ቦታ፣ በጣም ጥቂት ነው። ቢሆንም ዲስኩ እየደከመ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እሱ ላይ ምንም አይጻፍ፤ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራምም በቀጥታ እሱ ላይ አይሂድ። ሙሉ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ እናወጣለን። ፍለጋው ቅጂው ላይ ይሆናል።

የሚያስፈልግሽ እኩል ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ሌላ ዲስክ ነው። 2 ቴራ ብታገኚ ይሻላል። ባዶ ይሁን፣ ያለው ይጠፋልና። ከዚያ አንድ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሥርዓት፣ ጭነሽ ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሺዋለሽ፤ ዊንዶውስሽ አይነካም። እዚያ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እንደ ተራ ኮፒ አይደለም። ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይሰቀላል። ይህ ግን ደህናውን ቀድሞ ያወጣል፤ የሚያስቸግረውን ዘሎት ያልፍና በመጨረሻ ይመለስበታል።

ለእኛ ሀገር ደግሞ ከሁሉ የወደድኩለት ነገር አለ። የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት የካርታ ፋይል አለው። መብራት ቢጠፋና ባትሪሽ ቢያልቅ በማግስቱ ያንኑ የካርታ ፋይል ሰጥተሽ ታስጀምሪዋለሽ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የካርታውን ፋይል ግን ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጪው። ከፍላሽ የተነሣ ሊኑክስ ሲጠፋ የራሱን ነገር ሁሉ ይረሳል።

አንድ ትልቅ አደራ። ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የታመመው ዲስክ ነው፣ ቀጥሎ ባዶው። ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በታመመው ላይ ይገለበጥና ነገሩ ያበቃል። ከመጀመርሽ በፊት የሁለቱን ዲስኮች መጠንና ስም አወዳድሪ። የተለያየ መጠን ያለው ዲስክ ግዢ የምለውም ለዚህ ነው፤ 931 የቱ እንደሆነ በዓይን ይለያል። ብቻሽን ከፈራሽ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ። ሥራው ግን ዓይንሽ ሥር ይሁን።

ብየዳና ሽቦ

የላብ ሰው ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ልጨምር። ለዚህ ሥራ የስልኩን ኬብል ተይው። በዩኤስቢ 2 ፍጥነት 1 ቴራ መቅዳት ቢቀና እንኳን ወደ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ይወስዳል። ቀጭን ኬብል ደግሞ መሀል ላይ ይክድሻል። ያን ሰፊ ጫፍ ያለውን ኬብል ፈልጊ። አዲስ ያጣሽ እንደሆነ ከተቃጠለ ዲስክ ጋር የተጣለ ኬብል ጥገና ቤቶች ውስጥ አይጠፋም። ገዝተሽ ከመሄድሽ በፊት እዚያው ሰክተሽ፣ ነቅነቅ አድርገሽ እዪው። ዲስኩንም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፤ አልጋ ላይ፣ ጨርቅ ላይ አይሁን። ይሞቃል።

ሌላ ሰው «ሳጥኑን ፈትቼ ዲስኩን በቀጥታ ዴስክቶፕ ላይ ልግጠመው» ሊልሽ ይችላል። ለአንዳንዱ ይሆናል። ለአንዳንዱ ግን የዩኤስቢ መሰኪያው የዲስኩ ቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ ሌላ መግጠሚያ የለውም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ዳታውን የሚያመሰጥርም አለ። ሳያረጋግጡ መፍታት ትርፉ መሰኪያ መስበር ነው።

የስሜን መንገደኛ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ይቅርታ። እኔ ስሜን ተራሮች እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። ማታ ማታ ጨነቅ ካምፕ ላይ ፎቶ ወደ ኤክስተርናል እገለብጣለሁ። አንዳንዴ አያነብም፤ ደባርቅ ስወርድ ያነባል። ኬብል ነው ወይስ ብርዱ?

የላብ ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርዱም ይኖርበታል፣ ከፍታው ግን አይናቅም። የሚዞር ዲስክ ውስጥ ጭንቅላቱን የሚያንሳፍፈው አየር ነው። አየር ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። አብዛኞቹ አምራቾች በሥራ ላይ ሳለ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው የሚፈቅዱ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ችግር የለባትም። ጨነቅ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ይዘኸው ብትወጣ ምንም አይሆንም፤ እዚያ አታስነሣው እንጂ። ለተራራ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ ያዝ። የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም፤ ኃይልም ብዙ አይፈልግም።

የስሜን መንገደኛ

ይህን ስንት ዓመት ማንም አልነገረኝም። አመሰግናለሁ።

ማራኪ ተማሪ

እግረ መንገዴን፤ ለሌሎች እንዲጠቅም። ዲስኩ ተከፍቶ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ያ የኬብል ጉዳይ አይደለም። የፍላሽ ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን አትክፈቱት። መጀመሪያ ላፕቶፑን በአንቲቫይረስ አጽዱ፤ ከዚያ የተደበቁትን ግለጡ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንመላለስ ነው የምናመጣው።

የሠርግ ካሜራ

ተመለስኩ። ኬብሉን አንድ ጥገና ቤት አገኘሁት፤ ያሉኝን አደረግሁ፣ ነቅንቄ አየሁት። ባለ 2 ቴራ አዲስ ዲስክ ገዛሁ። የእህቴ ልጅ ሊኑክስ ያውቃል፤ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስሙንና መጠኑን ደጋግመን አይተን አስጀመርነው። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። የካርታ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ስላደረግነው እንደተባለው ካቆመበት ቀጠለ! መጨረሻ ላይ ያልተነበበው ከ1 ሜጋባይት በታች ነው ብሎናል። አሁን ቅጂው ላይ ምን እናድርግ? ዊንዶውስ ቅጂውንም ራው ነው የሚለው።

የላብ ሰው

እልል! ይህ ትልቁ ሥራ ነበር። ቅጂው ራው ማለቱ ልክ ነው፤ እንዳለ ነው የተቀዳው። የታመመውን ንቀይና አስቀምጪው።

አሁን ቴስትዲስክ፣ ዊንዶውስ ያላወቀውን ክፍል ፈልጎ የሚያሳይ ፕሮግራም። እሱም ነፃ ነው። ኤንቲኤፍኤስ፣ ማለትም ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የፋይል ሥርዓት፣ የመነሻ ሴክተሩን ሁለተኛ ቅጂ በክፍሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ቴስትዲስክ ሁለቱን ያወዳድርና መጠባበቂያው ደህና ከሆነ ይነግርሻል። መጠባበቂያውን በዋናው ቦታ ከመመለስሽ በፊት ግን ፋይሎቹን ዘርዝር በይው። ፎልደሮችሽን በስማቸው ካየሽ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊያቸው። ካላየሽ ፎቶሬክ የሚባለው ወንድሙ አለ። እሱ ግን ስም አያውቅም፤ ፋይሉን በዓይነቱ ነው የሚያወጣው። ረጃጅም ቪዲዮ ተበታትኖ የተቀመጠ ከሆነም ቆራርጦ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ እሱ መጨረሻ ይሁን።

የሠርግ ካሜራ

ፎልደሮቹ በስማቸው መጡ! «ከተራ»፣ «ጥምቀት ጠዋት»፣ ሠርጎቹ ሁሉ። እየገለበጥን ነው።

የሠርግ ካሜራ

ጨርሰናል። ሁሉንም ከፍቼ አየሁ። ከአንድ ሠርግ የሽኝት ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ክሊፕ መሀል ላይ ምስሉ ይሰባበራል፤ ያው የማይነበበው ቦታ ላይ የወደቀች ትመስለኛለች። በሌላ ካሜራ የተቀረጸ ስላለ በሱ እተካታለሁ። የከተራው ሙሉ ነው። ቀሳውስቱ ከመዋኛው ድልድይ ላይ ያሉበት፣ ሕፃናቱ በማግስቱ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ ያለው፣ ሁሉም አለ። ጋሼ፣ የላብ ሰው፣ ማራኪ፣ እድሜ ይስጣችሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ። አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ ልጠቀምበት? አዲሱን ደግሞ ምን ዓይነት ፎርማት ላድርገው? ኤዲት የሚያደርግልኝ ልጅ ማክ ነው ያለው።

ብየዳና ሽቦ

አሮጌውን ለሥራ አትመኚው። ሙሽሮቹ ሁሉ ቪዲዮአቸውን እስኪረከቡ ድረስ ሳትነኪው አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ ፊልም ለማየት ወይም ለሰው ለማዋስ ይሆናል።

አዲሱን ኤክስፋት አድርጊው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ለቪዲዮ አይሆንሽም። ኤክስፋት በሁለቱም ይሠራል። ነገር ግን ድንገት ሲነቀል ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ከመንቀልሽ በፊት ከታች ጥግ ያለውን «በሰላም አስወጣ» የሚለውን ሁልጊዜ ተጫኚ። ፎርማት የምታደርጊው ግን የተገለበጠው ሁሉ ሌላ ቦታ መኖሩን አይተሽ ነው።

የሠርግ ካሜራ

እሺ ጋሼ። አሁን ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። አንድ ተጨማሪ ዲስክ እስክገዛ አዲሱንም አልነካውም። ሁለተኛው ሲመጣ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ አዘዞ እህቴ ቤት ይቀመጣል። የካሜራ ካርድም ያለበት ነገር ሁለቱም ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ አይደመሰስም ብያለሁ ለልጆቹ።